ዳንቴል፣ ጂኦሜትሪና እየነጡ ያሉት ኮራሎች

ብዙዎቻችን ባደግንበት ቤት ዳንቴል ያልለበሰ ዕቃ ማግኘት ይከብድ ነበር። ሬዲዮው፣ ቴሌቪዥኑ፣ የሶፋው መደገፊያና የሳሎኑ ጠረጴዛ ሁሉ እናቶችና እህቶች በኪሮሽ በሠሩት ነጭ የክር ሥራ ተሸፍነው ይቀመጡ ነበር። ክብ ዳንቴል የሠራች ሴት ደግሞ ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጇ የተማረችው አንድ ነገር አለ። ከመሐል ተነሥታ ዙር በዙር ስታሰፋ በየዙሩ የምትጨምረው ቋጠሮ ካነሰ የሥራው ጠርዝ እየተሰበሰበ እንደ ቆብ ይጎብጣል፤ ከበዛ ደግሞ ጠርዙ ቦታ ያጣና እንደ ሽብሽብ ቀሚስ ጫፍ ይጥመለመላል፤ ልኩ ሲገኝ ብቻ ጠረጴዛው ላይ ዝርግ ብሎ ይተኛል። የጎበጠውንም የተሸበሸበውንም እንደ ስሕተት ቆጥራ ትተረትረዋለች።

ያ ተተርትሮ የሚቀረው ሽብሽብ ቅርጽ የሒሳብ ሊቃውንት ከአንድ መቶ ሃምሳ ዓመት በላይ በቀመር ሲያሰሉት ኖረው በእጃቸው ይዘው ለማገላበጥ የተቸገሩበት ቅርጽ ነው። በክር መሠራት ከተቻለ በኋላ ደግሞ ነገሩ ከሒሳብ መማሪያ ክፍል ወጥቶ፣ በዓለም ሙቀት መጨመር ምክንያት እየሞቱ ወዳሉት የባሕር ኮራሎች ደረሰ፤ በሺዎች የሚቆጠሩ፣ አብዛኞቹም ሴቶች የሆኑ ሰዎች እጃቸውን አኖሩበት። ጥበብና ሳይንስ ተባብረው ምርምርን ወደ ሕዝብ ያደርሳሉ ሲባል ምን ማለት እንደሆነ ለማስረዳት ይህን ሥራ የመረጥሁት ከማውቃቸው ምሳሌዎች ሁሉ ነገሩን አጥርቶ ስለሚያሳይ ነው። በዚህ ሥራ ውስጥ ጥበቡ የሳይንሱ ማስጌጫ አልነበረም፤ ሳይንሱ የጎደለውን ነገር ያገኘው ከእጅ ሥራው ነው። (እዚህ የተጠቀሱት ዓመታት በሙሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ከሒሳቡ እንጀምር። በትምህርት ቤት የተማርነውን ጂኦሜትሪ ያደራጀው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ300 ገደማ በእስክንድርያ ያስተምር የነበረው ዩክሊድ ነው። ከመነሻ ሐሳቦቹ አንዱ በዛሬ አነጋገር እንዲህ ይላል፦ አንድ ቀጥተኛ መስመርና ከመስመሩ ውጭ ያለ አንድ ነጥብ ቢሰጡን፣ በነጥቡ በኩል የሚያልፍና የመጀመሪያውን መስመር መቼም የማይነካ አንድ መስመር፣ አንድ ብቻ፣ ይኖራል። ትይዩ የምንለው ይህን ነው። ነገሩ ለዓይን ግልጽ ቢመስልም ከሌሎቹ መነሻዎች ተነሥተው ሊያረጋግጡት የሞከሩ ሁሉ ለሁለት ሺህ ዓመታት ያህል አልተሳካላቸውም። ሃንጋሪያዊው ፋርካሽ ቦያይ ራሱ በዚህ ጥያቄ ዕድሜውን ስለፈጀ ልጁ ያኖሽ ያንኑ መንገድ ሲጀምር እንዲተወው አጥብቆ ለምኖት ነበር። ልጁ ግን አልተወም። እርሱና በሩሲያ የካዛን ዩኒቨርሲቲ መምህር የነበረው ኒኮላይ ሎባቼቭስኪ፣ አንዱ የሌላውን ሥራ ሳያውቅ፣ በ1829 እና በ1832 መካከል ተመሳሳይ ግኝት አሳተሙ፤ በነጥቡ በኩል የሚያልፉት ትይዩዎች ብዙ ናቸው ብለን ብንነሣም እርስ በርሱ የማይጋጭ፣ ሙሉ የሆነ ሌላ ጂኦሜትሪ ይገኛል። ጀርመናዊው ካርል ፍሪድሪኽ ጋውስም ወደዚያው ሐሳብ ደርሶ ነበር፤ ነገር ግን አላሳተመውም። ይህ ጂኦሜትሪ ዛሬ ሃይፐርቦሊክ ይባላል።

ሃይፐርቦሊክ ገጽ ምን እንደሚመስል ለመረዳት ሦስት ገጾችን ጎን ለጎን ማሰብ ይበቃል። ጠረጴዛ ዝርግ ነው፤ በላዩ የተሣለ ጎነ ሦስት ዘዌዎቹ ሲደመሩ 180 ዲግሪ ይሆናሉ። ብርቱካን ጎባጣ ነው፤ በላዩ የተሣለ ጎነ ሦስት የዘዌዎቹ ድምር ከ180 ይበልጣል። ሦስተኛው ገጽ በየትኛውም ነጥቡ ላይ እንደ ፈረስ ኮርቻ በአንድ በኩል ሽቅብ፣ በሌላው በኩል ቁልቁል የሚታጠፍ ሲሆን የጎነ ሦስቱ ዘዌዎች ድምር ከ180 ያንሳል። ልዩነቱ ከሁሉ ይልቅ ጎልቶ የሚታየው ግን ገጹ በሚሰፋበት መንገድ ነው። ዝርግ ክብ ዳንቴል ሲሠራ በየዙሩ የሚጨመረው ቋሚ ቁጥር ነው፤ በ6 ቋጠሮ ተጀምሮ በየዙሩ 6 ቢጨመር 10ኛው ዙር ላይ 60፣ 20ኛው ላይ 120 ይሆናል። ሃይፐርቦሊክ ሲሆን የሚጨመረው ቋሚ ድርሻ ነው። በ20 ቋጠሮ ጀምረን በየ5 ቋጠሮው አንድ ብንጨምር 10ኛው ዙር ላይ ወደ 124፣ 20ኛው ላይ ወደ 767፣ 30ኛው ላይ ከ4,700 በላይ እንደርሳለን፤ ወለድ ወለድን እየወለደ እንደሚያድግ ብድር ማለት ነው። ጠርዙ እንዲህ ሲረዝም በዝርግ ቦታ መተኛት ስለማይችል ይታጠፋል፣ ይሸበሸባል። የሰላጣና የቆስጣ ቅጠል ጫፉ የሚጥመለመለውም በዚሁ ምክንያት ነው፤ ጠርዙ ከመሐሉ ይልቅ ያድጋል።

ይህን ገጽ በእጅ ለመዳሰስ የተደረገው ሙከራ ግን ለረጅም ጊዜ ከወረቀት አላለፈም። ኢጣሊያዊው ኤውጄኒዮ ቤልትራሚ በ19ኛው ክፍለ ዘመን፣ አሜሪካዊው ዊልያም ተርስተን ደግሞ በ1970ዎቹ የወረቀት ሞዴል የሚሠራበትን መንገድ አሳይተዋል። የተርስተን ሞዴል ቀጫጭን የወረቀት ቀለበቶች እርስ በርሳቸው እየተጣበቁ የሚሠራ ነበር፤ ለመሥራት አድካሚ፣ ተማሪዎች ሲነካኩት ደግሞ ቶሎ የሚቀደድ ነው። በ1997 ይህን ሞዴል ያዩት ዳይና ታይሚና፣ ከላትቪያ መጥተው በኒውዮርክ ግዛት በሚገኘው በኮርኔል ዩኒቨርሲቲ ሒሳብ ያስተምሩ ነበር። ልጅ ሳሉ በሶቪየት ዘመን በላትቪያ የክር ሥራ ተምረው ስላደጉ፣ ወረቀቱ የሚያደርገውን ክር ቢያደርገውስ የሚል ሐሳብ መጣላቸው። በመጀመሪያ እንደ ሹራብ ሞከሩት፤ በሹራብ መሥሪያው ላይ የሚሰበሰበው ቋጠሮ ከመጠን በላይ እየበዛ አስቸገራቸው። በኪሮሽ ሲሠራ ግን ኪሮሹ ላይ የሚቆየው አንድ ቀለበት ብቻ ስለሆነ ጠርዙ የፈለገውን ያህል ቢረዝም ሥራው አይታወክም። በመጨረሻ የተገኘው ነገር ተማሪ ቢያጥፈው፣ ቢጨምቀው፣ ከቦርሳ ቢያስገባው የማይበላሽ ሞዴል ነው። ሲታጠፍ የእጥፋቱ መስመር በዚያ ገጽ ላይ ቀጥተኛ መስመር ይሆናል፤ እጥፋቱን ተከትሎ ባለ ቀለም ክር ቢሰፋበት መስመሩ ተሥሎ ይቀራል። ከዚያ በአንድ ነጥብ በኩል የሚያልፉ፣ ያንን መስመር ሳይነኩ የሚሄዱ ሦስትና አራት መስመሮችን መስፋት ይቻላል። ዩክሊድ አንድ ብቻ ነው ያለው ትይዩ እጅ ላይ በዝቶ ይታያል።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ ተዛብቶ የሚነገር አንድ ነገር ማቃናት ያስፈልጋል። አንዳንድ ጽሑፎች የሒሳብ ሊቃውንት ይህን ቅርጽ መሥራት አይቻልም ብለው አረጋግጠው ሳለ ዳንቴል ሐሰተኞች አደረጋቸው ይላሉ። እንዲህ አይደለም። ጀርመናዊው ዳቪድ ሂልበርት በ1901 ያረጋገጠው ወሰን የሌለው ሙሉ ሃይፐርቦሊክ ገጽ ሳይሰበርና ሳይቆራረጥ በምንኖርበት ባለ ሦስት አውታር ኅዋ ውስጥ ለስልሶ ሊቀመጥ እንደማይችል ነው። የታይሚና ሥራ የዚያ ገጽ አንድ ቁራጭ ስለሆነ ከሂልበርት ጋር አይጋጭም። ታሪኩን ለማጣፈጥ ሲባል ሳይንሱን ማጣመም ጥበብና ሳይንስ ሲገናኙ ዘወትር የሚፈትን ነገር ነው፤ እኔ ግን እውነተኛው ታሪክ ራሱ በቂ ጣዕም እንዳለው አምናለሁ።

ሁለተኛው ምዕራፍ የተጀመረው በሎስ አንጀለስ ነው። መንትያዎቹ እህትማማቾች ማርጋሬትና ክሪስቲን ወርትሃይም ያደጉት በአውስትራሊያ የኩዊንስላንድ ግዛት፣ ታላቁ የኮራል ሪፍ፣ ማለትም ኮራሎች የገነቡት ሰፊ የባሕር ውስጥ ዐለት፣ በተዘረጋበት አገር ነው። ማርጋሬት ፊዚክስና ሒሳብ ተምረው የሳይንስ ጸሐፊ ሆነዋል፤ ክሪስቲን ገጣሚና ሠዓሊ ናቸው። ሁለቱ ሒሳብና ሳይንስን ሰው በእጁ እየነካ እንዲማራቸው የሚሠራ አንድ አነስተኛ ተቋም አቋቁመው ነበር። የታይሚናን ዘዴ ተምረው ቤታቸውን በሽብሽብ ክሮች ሲሞሉት፣ የተከመረው ሥራ አንድ የሚያውቁትን ነገር መሰላቸው፤ የኮራል ሪፍ። በዚያን ጊዜ ከአገራቸው የሚመጣው ዜና ሪፉ እየነጣ መሆኑን የሚናገር ስለነበር በ2005 በክር የተሠራ ሪፍ መሥራት ጀመሩ።

ኮራል ምን እንደሆነ እዚህ ላይ መግለጽ ይገባል፤ ብዙ ሰው ድንጋይ ወይም ተክል ይመስለዋልና። ኮራል እንስሳ ነው። ፖሊፕ የሚባለው፣ የጄሊፊሽ ዘመድ የሆነው ትንሽ ፍጥረት ከባሕሩ ውኃ በሚያገኘው ካልሲየም የኖራ ድንጋይ አፅም ይገነባል፤ ትውልድ በትውልድ ላይ ሲያድግ አፅሙ ተከማችቶ ሪፍ ይሆናል። ምጽዋን ያየ ሰው የአሮጌዋ ከተማ ቤቶች ከዚሁ የቀይ ባሕር ኮራል ድንጋይ የተሠሩ መሆናቸውን ያውቃል። በፖሊፑ ሥጋ ውስጥ አልጌ የሚባል፣ በዓይን የማይታይ ተክል መሰል ፍጥረት ይኖራል፤ አልጌው ከፀሐይ ብርሃን ምግብ እያዘጋጀ ለአስተናጋጁ ያካፍላል፣ ቀለሙንም ይሰጠዋል። የባሕሩ ሙቀት ከተለመደው የበጋ ጣሪያ በ1 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያህል ብቻ በልጦ ለሳምንታት ከቆየ ይህ ዝምድና ይፈርሳል፤ ፖሊፑ አልጌውን ያስወጣል፣ ሥጋው ብርሃን አሳላፊ ይሆናል፣ ከሥሩ ያለው ነጭ አፅም ይታያል። መንጣት የሚባለው ይህ ነው። ሙቀቱ ቶሎ ከበረደ ኮራሉ ሊያገግም ይችላል፤ ካልበረደ በረኀብ ይሞታል። ሪፎች ከውቅያኖስ ወለል ከ1 በመቶ ያነሰውን ይሸፍናሉ፤ ሆኖም ከባሕር ፍጥረታት ዝርያዎች ሩብ ያህሉ ቢያንስ በሕይወታቸው የተወሰነ ጊዜ በእነርሱ ይጠለላሉ። ወደ 2,300 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው የአውስትራሊያው ታላቅ ሪፍ በ1998፣ በ2002፣ በ2016፣ በ2017፣ በ2020፣ በ2022 እና በ2024 በሰፊው ነጥቷል። የመንግሥታቱ የአየር ንብረት ተመራማሪዎች ጉባኤ በ2018 ባወጣው ዘገባ የምድር ሙቀት ከኢንዱስትሪ ዘመን በፊት ከነበረው በ1.5 ዲግሪ ከጨመረ ከ70 እስከ 90 በመቶ የሚሆኑ የሞቃት ባሕር ሪፎች እንደሚጠፉ፣ በ2 ዲግሪ ከጨመረ ደግሞ ከሞላ ጎደል ሁሉም እንደሚጠፉ ገምቷል።

እህትማማቾቹ ሥራውን ሲጀምሩ የታይሚናን ሕግ በጥብቅ ይከተሉ ነበር፤ በየ5ቱ ወይም በየ6ቱ አንድ መጨመር፣ ሳያዛንፉ። የተገኘው ቅርጽ ለሒሳብ ትክክል ነበር፤ ለባሕር ግን ከመጠን በላይ የተስተካከለ ሆነ። ከዚያ ሕጉን ማላላት ጀመሩ፤ አንዱን ዙር ጥቅጥቅ፣ ሌላውን ሳሳ፣ ክሩን አንዴ ወፍራም አንዴ ቀጭን አደረጉት። ቅርጾቹ ያን ጊዜ ሕይወት ያለው ነገር መምሰል ጀመሩ። ይህ የአጋጣሚ ነገር አይደለም። የባሕር ፍጥረት የሒሳብ ቀመር አይከተልም፤ ምግብ ከሚያልፈው ውኃና ብርሃን ከሚመጣበት አቅጣጫ ጋር ሰፊ ገጽ ማገናኘት ስለሚያስፈልገው ጠርዙን ያበዛል፣ በዚያውም ወደ ሃይፐርቦሊክ ይጠጋል። ብዙ ኮራሎች፣ ስፖንጆችና ቅርፊት የሌላቸው የባሕር ቀንድ አውጣዎች እንዲህ ናቸው። ጥበበኛዋ ከሕጉ ስትወጣ የሳይንሱን ቀጣይ ጥያቄ በእጇ አነሣችው፤ ተፈጥሮ ከንጹሑ ቅርጽ የምትርቀው ለምንድን ነው?

ሥራው ከሁለቱ ሰዎች እጅ የወጣው ሌሎች እንዲሳተፉ በተጠሩ ጊዜ ነው። በ2007 በፒትስበርግና በቺካጎ፣ በ2008 በለንደን፣ በ2010 በዋሽንግተን በሚገኘው የስሚዝሶኒያን የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም፣ በ2019 ደግሞ ቬኒስ ቢየናሌ በሚባለው ታላቅ የሥነ ጥበብ ትርኢት ታይቷል። ከትርኢቶቹ ይልቅ የሚደንቀኝ ግን ሌላው ክፍል ነው። አንድ ከተማ የራሱን ሪፍ መሥራት ሲፈልግ ነዋሪዎቹ ተሰብስበው ዘዴውን ይማራሉ፣ በየቤታቸው ይሠራሉ፣ በመጨረሻም ሁሉም ወደ አንድ ቦታ ይመጣል። ይህ ከ50 በሚበልጡ ከተሞች ተደርጓል። በ2022 በጀርመን ባደን ባደን ለቀረበው ሪፍ ብቻ ወደ 4,000 ሰዎች ከ40,000 በላይ ቁራጮችን ሠርተው ልከዋል። እያንዳንዱ ቁራጭ ሰዓታት፣ አንዳንዱም ሳምንታት ወስዷል። ኮራል ራሱ በዓመት በጥቂት ሚሊ ሜትር ወይም ሴንቲ ሜትር የሚያድግ ስለሆነ የሥራው ዝግታ ከሚወክለው ነገር ጋር ይስማማል።

ሪፉ ሁሉ ግን በደማቅ ቀለም የተሠራ አይደለም። እህትማማቾቹ አንዱን ክፍል በሙሉ በነጭና በክሬም ክር ሠርተው የነጣውን ኮራል አሳይተዋል፤ ሌላውን ከፕላስቲክ ከረጢትና ከቪዲዮ ካሴት ክር ሠርተውታል፤ የራሳቸውን ቤት የፕላስቲክ ቆሻሻም ለዓመታት ሳይጥሉ አከማችተው ከሥራው ጋር አቅርበዋል። ነጩን ክፍል በፎቶግራፍ ባየሁ ቁጥር የሚሰማኝ ለየት ያለ ነገር ነው፤ ምክንያቱም እኛ ያደግንበት ዳንቴል ነጭ ነው። ነጭነቱ ለእኛ ንጽሕናን፣ በዓልን፣ እንግዳ የሚቀበል ሳሎንን ያስታውሳል። እዚያ ግን ያው ነጭነት በረኀብ የሚሞት እንስሳ አፅም ነው። የሙቀት ሠንጠረዥ ይህን ሊያደርግ አይችልም።

ሳይንስን ለሕዝብ ማቅረብ ለረጅም ጊዜ የተያዘው ሕዝቡ ባዶ እንስራ ነው፣ ሊቁ ያውቃል፣ ስለዚህ ይሙላው በሚል ስሌት ነበር። በብሪታንያ የሳይንቲስቶች ማኅበር የሆነው ሮያል ሶሳይቲ በ1985 ያወጣው ዘገባ ሳይንቲስቶች ሥራቸውን ለሕዝብ የማስረዳት ግዴታ እንዳለባቸው አሳሰበ፤ ከ15 ዓመት በኋላ፣ በ2000፣ የአገሪቱ ፓርላማ የላይኛው ክፍል የሆነው የሎርዶች ምክር ቤት የሳይንስና ቴክኖሎጂ ኮሚቴ ማስረዳት ብቻውን እንደማይበቃና ከሕዝብ ጋር መነጋገር እንደሚያስፈልግ ጻፈ። በመካከሉ አውሮፓን ያስጨነቀው የእብድ ላም በሽታ ጉዳይ ሕዝቡ በባለሙያዎች ላይ ያለውን እምነት ክፉኛ ጎድቶት ነበር። ሆኖም መነጋገር የሚባለው ነገር በተግባር ብዙ ጊዜ ወደ አሮጌው መንገድ ይመለሳል፤ ምርምሩ ካለቀ በኋላ ሠዓሊ ይጠራና የተገኘውን ውጤት የሚያሳምር ሥዕል እንዲሠራ ይታዘዛል። ከዚያ የሚገኘው ጌጥ ነው። የዳንቴሉ ሪፍ ከዚህ የሚለየው የእጅ ሥራው የገባው ከመጀመሪያው፣ ችግሩ ገና ሳይፈታ በመሆኑ ነው። ሒሳብ የማታውቅ ሴት ወደ ሥራው ስትመጣ ባዶ እጇን አይደለም የምትመጣው፤ ፕሮፌሰሩ የሚቸገርበትን ነገር ታውቃለች። የጎደላት የምታውቀው ነገር ስም ብቻ ነው። እንዲህ ያለ ሰው ከዚያ በኋላ ስለ ባሕሩ ሙቀት ሲጠይቅ እንደ ተማሪ ሳይሆን እንደ ሥራ ባልደረባ ይጠይቃል።

ሥራው ምን ማድረግ እንደማይችል መናገርም አስፈላጊ ነው። በክር የተሠራ ኮራል አንድም እውነተኛ ኮራል አያድንም፤ ባሕሩን የሚያሞቀው የነዳጅና የድንጋይ ከሰል ቃጠሎ ነው፣ መፍትሔውም በዚያው ነው። የጎብኚዎች ቁጥር ብዛትም ሰው ምን ይዞ እንደ ሄደ አይናገርም። በብዙ አገር በገበያ የሚገኘው ርካሽ ክር አክሪሊክ፣ ማለትም ፕላስቲክ መሆኑ ሌላ የሚያሳስብ ነገር ነው። ለሳምንታት ተቀምጦ ለመሥራት ትርፍ ጊዜና ገንዘብ ያለው ሰው ያስፈልጋል፤ ስለዚህ ተሳታፊዎቹ በአብዛኛው ከበለጸጉ አገሮች መሆናቸው አያስገርምም። እነዚህ ሁሉ እውነት ናቸው፤ ቢሆንም አንድ ሰው ሠላሳ ሰዓት በእጁ የያዘውን ነገር በቀላሉ ችላ እንደማይል አምናለሁ፤ ከዚህ ዓይነት ሥራ መጠበቅ ያለበትም ይህ ትኩረት እንጂ የፖሊሲ ለውጥ አይመስለኝም።

ከሁሉ የበለጠ የማከብረው የስሙን ጉዳይ ነው። በየትርኢቱ የእያንዳንዱ ተሳታፊ ስም በዝርዝር ይጻፋል፤ አንድ ቁራጭ የላከም፣ መቶ የላከም። በሳይንስ ጽሑፍ ላይ መረጃ የሰበሰቡና ናሙና ያጠቡ ሰዎች ስም ብዙ ጊዜ አይታይም፤ በሥዕል ዓለምም ሥራውን የሚፈርመው አንድ ሰው ነው። የእኛን ቤቶች ያለበሱት ሴቶች ስምም የትም አልተጻፈም፤ ሥራቸው እጅ ሥራ ተብሎ ከጥበብም ከዕውቀትም ውጭ ተቆጥሮ ኖረ። ሳይንቲስትና ጥበበኛ በጋራ ለመሥራት ሲስማሙ ከገንዘቡ ቀጥሎ፣ ምናልባትም ከገንዘቡ በፊት፣ መወሰን ያለበት ማን በምን ስም እንደሚጠራ ነው።

ኪሮሽ የያዘ ሰው ይህን ሁሉ በአንድ ምሽት ሊሞክረው ይችላል። ጠበቅ ያለ የጥጥ ክር ይያዝና 20 ሰንሰለት ይሠራል፤ ከዚያ በየዙሩ አምስት ቋጠሮ ተራ፣ በአምስተኛው ላይ አንድ ተጨማሪ እየሠራ ይቀጥላል። ከአምስተኛው ዙር ገደማ ጀምሮ ጠርዙ መሞገድ ይጀምራል፤ እጅ በልማድ ሊተረትረው ይፈልጋል፤ አለመተርተር ነው። አሥረኛው ዙር ላይ ቆሞ ሥራውን ማጠፍ፣ በእጥፋቱ ላይ በቀይ ክር መስመር መስፋት፣ ከመስመሩ ራቅ ያለ አንድ ነጥብ መርጦ በዚያ በኩል የሚያልፉ፣ ቀዩን መስመር የማይነኩ ሁለት እጥፋቶችን መፈለግ ነው። ሁለተኛው እጥፋት ሲገኝ ፋርካሽ ቦያይ ልጁን የለመነበት ጥያቄ መልስ በጣቶቹ መካከል ነው።